የጠመንጃው ባለቤት ይታወቃል፤ ሠሪውስ ማን ነበር?

(በሱሉልታ፣ ለአሮጌ ጠመንጃ ባለቤቶችና ወዳጆች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

የዚህ ስብሰባ ጥሪ «ጠመንጃውን ቤት ትታችሁ ፎቶግራፉን ይዛችሁ ኑ» የሚል በመሆኑ ቅር የተሰኛችሁ እንዳላችሁ በር ላይ ሰምቻለሁ። አንድ አባት ዝናራቸውን ታጥቀው መጥተው ጥበቃው ቢያስቆማቸው «ይህ እኮ ቀበቶ ነው፤ ሱሪዬ ይውደቅ ወይ?» ብለው ተሟግተዋል። ሙግቱንም ረትተዋል። ዝናሩ ጥይት እንደሌለበት ከታየ በኋላ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ በኋላ እንመለስበታለን። አዘጋጆቹ ግን ልክ ናቸው። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ብቻ ሳይሆን መሥራትም፣ መጠገንም፣ መነገድም ክልክል ነው። ፈቃድ ያለው ሰውም ቢሆን ሕፃናት በሚሯሯጡበት አዳራሽ ጠመንጃ ደርድሮ ሻይ ሊጠጣ አይገባም። ደግሞም ዛሬ የማወራው ስለ አፈሙዝና ስለ ቃታ አይደለም። ስለ እንጨቱ፣ ስለ ቆዳው፣ ስለ ናሱና ስለ ብሩ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በፎቶግራፍም ቢሆን በደንብ ይነበባሉ።

እኔ ቀጨኔ ተወልጄ ያደግሁ የባለ እጅ ልጅ ነኝ። አባቴ ብረት ይሠሩ ነበር። የሥራ ዘመኔን የጨረስሁት በአንድ ሙዚየም የቅርስ ጥገና ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ከአሮጌ ጠመንጃ ጋር ያለኝ ትውውቅ የተኳሽ ሳይሆን የጠጋኝ ነው። ተኩሼ አላውቅም፤ ለመተኮስም አምሮኝ አያውቅም። ይህን የምናገረው ከእናንተ መካከል አንዳንዶቹ ስለ ኢላማ ጥያቄ ለመጠየቅ እንደተዘጋጁ ስላየሁ ነው።

ያመጣችኋቸውን ፎቶግራፎች ከጠዋት ጀምሬ ስመለከት ነበር። የፈረንሳዩ ውጅግራ አለ፣ የጣሊያኑ ምንሽር አለ፣ የቤልጅየሙ በልጅግ አለ። አንዱ ሰደፉ ላይ የናስ ምስማር በመስቀል ቅርጽ ተመትቶበታል። ሌላው አንገቱ በጥሬ ቆዳ ተጠቅልሏል። የአንዱ ማንገቻ በቀይና በጥቁር ቆዳ ተጎንጉኗል። አንድ ሽጉጥም አይቻለሁ፤ እጀታው የቀንድ ነው፣ ቀንዱ ላይ ደግሞ ትንሽ የብር አበባ ተሰክታበታለች። እነዚህ ሁሉ ከፋብሪካ ሲወጡ እንዲህ አልነበሩም። አንድ ሺህ ውጅግራ ከፈረንሳይ ሲጫን አንድ ሺሁም አንድ ዓይነት ነበር። እዚህ ደርሶ፣ በሰው ትከሻ ላይ ከርሞ፣ እያንዳንዱ የየራሱን መልክ አወጣ።

ከየፎቶግራፉ ጀርባ የምታውቁትን እንድትጽፉ ተጠይቃችሁ ነበር፤ ጽፋችኋልም። የአያት ስም አለ። የዘመተበት ቦታ አለ። የገደለው አውሬ አለ። ጠመንጃው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ እስከ ሦስት ትውልድ የቆጠረ ሰው አለ። ያንን ቆዳ የሰፋውን፣ ያንን ናስ የመታውን፣ ያንን ቀንድ የጠረበውን ሰው የጻፈ ግን አንድም አላገኘሁም። ዛሬ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ባዶ ቦታ ነው።

አንድ ፎቶግራፍ ላይ በመጠኑ መዘግየት እፈልጋለሁ። ሰደፉ ላይ በስለት የተቆረጡ መስመሮች ይታያሉ። ፎቶውን ያመጣው ወጣት የአንበሳ ቁጥር ናቸው ብሎ ጽፏል። አጎቱ ደግሞ ከሥር በሌላ ቀለም የጣሊያን ቁጥር ናቸው ብለው አርመዋል። እኔ በማጉያ መነጽር ስመለከታቸው መስመሮቹ እኩል ርቀት አላቸው፤ እኩል ጥልቀት አላቸው፤ ሁሉም ያሉት ደግሞ መዳፍ በሚያርፍበት በኩል ብቻ ነው። አንበሳም ጣሊያንም በዚህ ዓይነት ሥርዓት ተሰልፎ አይሞትም። እነዚህ መስመሮች የተቆረጡት ላብና ዝናብ ባለበት ቀን እጅ እንዳያንሸራትት ነው። በአንድ ጊዜ፣ በአንድ እጅ፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው ተቆርጠዋል። ቤተሰቡ ለጀግናው ሁለት ታሪክ አበጅቶለታል፤ ለባለ ሙያው ግን ግማሽ ታሪክ እንኳ አልተረፈውም።

ይህ የሁሉም አገር ልማድ እንዳይመስላችሁ። የወንድሜ ልጅ አሜሪካ ነው የሚኖረው። እዚያ የጠመንጃ ወዳጆች ተሰብስበው ለየራሳቸው ያሠሩትን ሽጉጥና ጠመንጃ እያሳዩ የሚጨዋወቱበት ልማድ አለ፤ እርሱም የጓደኞቹን ፎቶ አልፎ አልፎ ይልክልኛል። ብዙ ጊዜ የሚታየው አሜሪካኖች 1911 የሚሉት ሽጉጥ ነው። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ የአገሩ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 የተቀበለው፣ ከመቶ ዓመት በኋላም ያልተተወ ሽጉጥ ነው። የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ለእጅ ሥራ የሚመች መሆኑ ነው። ላይኛው ተንሸራታች ብረት ከታችኛው አካል ጋር የሚገጥምበትን ሐዲድ ባለ ሙያው በሞረድ እየነካ፣ እያስገባና እያወጣ፣ ክፍተቱ ሳይታይ ግን ሳይጣበቅ እንዲሄድ ያደርገዋል። የእጀታው ፊት ላይ እጅ እንዳያንሸራትት ጥቃቅን አራት ማዕዘን ይቀረጽበታል። ያ ወጣት ካሳየኝ ሰደፍ ጋር ሐሳቡ አንድ ነው።

ያስቀናኝ ግን ብረቱ አይደለም፤ ባለቤቱ ስለ ሽጉጡ የሚናገርበት መንገድ ነው። መጀመሪያ የሚጠራው ራሱን አይደለም። በርሜሉን ያስገባው እገሌ ነው፣ እጀታውን ከዋልነት እንጨት የጠረበው እገሌ ነው፣ ቀለሙን የቀባው እገሌ ነው፣ ቅርጹን በመቅረጫ የቀረጸው እገሌ ነው ይላል። አንዱ ባለ ሙያ የሞተ እንደሆነ «ከመሞቱ በፊት የሠራው ነው» ብሎ በክብር ያነሳዋል። የአንድ ሠሪ ስም ዋጋውን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። አውሮፓም እንዲሁ ነው። በኦስትሪያ ፌርላኽ፣ በቤልጅየም ሊየዥ፣ በጣሊያን ጋርዶኔ የሚባሉ ከተሞች በጠመንጃ ሠሪዎቻቸው የታወቁ ናቸው። የጋርዶኔው የቤሬታ ቤተሰብ የሥራ መዝገቡን እ.ኤ.አ. ከ1526 ይጀምራል።

እንግዲህ «እኛ ጠመንጃ አልሠራንም፤ ከውጭ ነው የመጣልን፤ ምን ስም ይኖረናል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን እንደሚመስለው አጭር አይደለም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ነው። ወደ ሰባት ቶን የሚመዝን ሞርታር እዚያ ቀልጦ ተሠራ። ዋልድማየርና ባልንጀሮቹ ለወንጌል የመጡ አውሮፓውያን ስለነበሩ ስማቸው ተጽፎ ቀርቷል። ምድጃውን ያነደዱት፣ ከሰሉን ያከሰሉት፣ ሸክላውን የረገጡትና ቅርጹን ያበጁት የአገር ልጆች ግን በጅምላ «ሠራተኞች» ተብለው ታልፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሠዉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሰጪዋና የተቀባዩ ስም ከሽጉጡ ጋር እስከ ዛሬ ይነሳል። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜም ቢሆን የሚነሳው ሰጪና ተቀባይ እንጂ ሠሪ አልነበረም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ለእኛ ብቻ አላሸክምም።

ወደ ሸዋ ስንመጣ ደግሞ ደስ የሚል ታሪክ አለ። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ወደ ምኒልክ ዘንድ ሲመጣ፣ ንጉሡ በመጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎ ደግሞ ጠመንጃ እንዲሠራላቸው እንዳዘዙት ይተረካል። ኢልግ ከአውሮፓ ቢገዛ እንደሚረክስና እንደሚሻል ቢያስረዳም ንጉሡ አልሰሙትም፤ እዚሁ በእጅ እንዲሠራ ፈለጉ፣ ተሠራም። ምኒልክ የሰዓትና የጠመንጃ ብልት ፈትቶ መግጠም የሚወዱ ሰው ነበሩ። የሚገዛ ዕቃ እያለ «አይ፣ እዚህ ሲሠራ ልየው» ማለታቸውን ብዙ ሰዎች እንደ ልጅነት ያዩታል። እኔ ግን እንደ ባለ ሙያ ልጅ በጣም ይገባኛል። ሰውየው የፈለገው ጠመንጃውን አይደለም፤ የሠሪው እጅ የሚችለውን ማየት ነው።

ከዚህ ተራራ ባሻገር እንጦጦ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነበር። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ሆኖ፣ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ከታጁራ ጭኖ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ገባ። ንጉሡን ያገኛቸው እንጦጦ ላይ ነው። ያመጣው ጊዜው ያለፈበት፣ በካፕሱል የሚተኮስ አሮጌ ነፍጥ ነበር፤ ምኒልክም ይህን አልሳቱትም። ዋጋውን ሰበሩበት፣ ከዕዳ ጋር አቻቻሉበት፣ የቀረውን ደግሞ ሐረር ሄዶ ከአገረ ገዥው ከመኮንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጡት። ገጣሚው በደብዳቤው ሲያማርር ኖሯል። ስለ ራምቦ የተጻፈው መጽሐፍ ተቆጥሮ አያልቅም። ያ ሁሉ አሮጌ ነፍጥ በረሃውን አቋርጦ ከግመል ሲወርድ ግን የተሰነጠቀ ሰደፍና የዛገ ብረት አልነበረበትምን? ማን ጠገነው? ስለዚህ የተጻፈ አንድ ገጽ እንኳ ብናገኝ እኔ ብቻዬን ድግስ እደግስ ነበር።

በእኛ አገር ዝምታው የመጣበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱንም ሳልሸፋፍን ልናገር። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን ሰደብን። በቡዳ አማነው። ማረሻውን አርሰንበት፣ ጦሩን ወርውረንበት፣ ጠመንጃውን አስጠግነንበት፣ ማዕድ ላይ ግን አላስቀረብነውም። ጀግናው ሲፎክር በጠመንጃው ይምላል፤ ጠመንጃውን ያደሰለትን ሰው ግን ማታ ቤቱ አያሳድረውም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ነገሩ አገር የሚያደኸይ መሆኑን ስላዩ ነው። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ በልጅነቴ ትምህርት ቤት ውስጥ አጠገቤ መቀመጥ የማይፈልግ ልጅ ነበረ። ይህንን የምናገረው ለማሳዘን አይደለም፤ ከፎቶግራፎቹ ጀርባ ለምን ስም እንደጠፋ ለማስረዳት ነው። የሚያሳፍር ሰው ስም አይጻፍም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ እኔም የምደሰትበት ክፍል ይህ ነው።

የአሮጌ ጠመንጃ ደካማ ቦታው አንገቱ ነው፤ ሰደፉ ቀጥኖ ቃታው ወደሚገኝበት የሚያልፍበት ቦታ። ፈረስ ከጣለው ወይም ሰው ከወደቀበት የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ዋልነት የእኛ ዛፍ አይደለም። ዋንዛ ቀላልና ለመጥረብ የሚታዘዝ ነው፤ ወይራ ጠንካራ ነው፣ ግን ከባድ ነው፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባለ ሙያው ሁልጊዜ አዲስ ሰደፍ አይጠርብም፤ የተሰበረውን ያስራል። ያ አንገቱ በቆዳ የተጠቀለለውን ፎቶግራፍ እዩልኝ። የተጠቀመው ያለፋ ቆዳ አይደለም፤ ጥሬ ቆዳ ነው። ጥሬ ቆዳ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ለስልሶ እንደ ጨርቅ ሲሆን በስብራቱ ዙሪያ ይወጥሩታል፤ በጅማት ይሰፉታል፤ ጥላ ሥር ያስቀምጡታል። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እንጨቱን አንቆ ይይዘዋል። ፀሐይ ላይ ካደረቁት በጣም ፈጥኖ ስለሚኮማተር ስፌቱን ይበጥሰዋል። የቸኮለ ሰው ሥራ በዚህ ይታወቃል።

ስፌቱ ያለበትን ቦታ ደግሞ አስተውሉ። በሥር በኩል ነው፤ ያውም ጥቂት ወደ ግራ ያደላል። ቀኝ እጅ ሲጨብጠው አውራ ጣትም፣ መዳፍም፣ ቃታውን የምትስበው ጣትም ስፌቱን አይነኩትም። ሰፊው ጠመንጃውን ከመስፋቱ በፊት ባለቤቱን እንዲጨብጠው አድርጎ እጁን አይቷል ማለት ነው። ባለቤቱ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው እንደነበር ከአንድ ስፌት እናውቃለን። ግራኝ ቢሆን ኖሮ ስፌቱ ወደ ቀኝ ይሆን ነበር። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ገንዘብ «ለእጄ ልክ ተሠራልኝ» የሚባለው ሥራ ይኸው ነው፤ እዚህ በአንድ ጥሬ ቆዳና በአንድ ወስፌ ተሠርቷል።

ብሩም እንዲሁ ታሪክ አለው። ሽጉጡ ላይ ያየናት የብር አበባ ከጠገራ ብር የተሠራች ለመሆኗ ብዙም አልጠራጠርም። የአገራችን ብር ሠሪ ከዚህ ከማርያ ትሬዛ ገንዘብ የተሻለ የብር ምንጭ አልነበረውም፤ የአንገት መስቀሉም፣ የእግር አልቦውም ከእርሱ ነው የሚቀልጠው። ገንዘቡን አቅልጦ መሣሪያ ላይ መትከል ለዛሬ ሰው ብክነት ይመስላል። ያን ጊዜ ግን ጥይት ራሱ ገንዘብ ነበር፤ ከአሞሌ ጨው ጎን ገበያ ላይ እንደ መለወጫ ሆኖ የሠራበት ዘመን አለ።

ምንሽር በየቤቱ ለምን በዛ ብሎ አንድ ልጅ ጠይቆኛል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዚህ በሸዋ ዙሪያ አርበኛው ከጣሊያን ላይ እየማረከ ይታጠቅ ስለነበር ነው። በልጅግ ደግሞ ከዚያ በፊት በመንግሥት ግዥ የመጣ ነው። የቤልጅየም መኮንኖች የክብር ዘበኛን ያሠለጥኑ በነበረበት ዘመን ከሊየዥ አጠገብ ካለው ከሄርስታል ፋብሪካ ማውዘር ታዘዘ፤ ለኢትዮጵያ በታዘዙት ላይ የይሁዳ አንበሳ ታትሞባቸው ይገኛል። የሚገርመው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያው ፋብሪካ የማውዘሩን ብረት ብቻውን ለአዳኝ ጠመንጃ ሠሪዎች ይሸጥ ነበር። በአሜሪካና በአውሮፓ በዚያ ብረት ላይ ውድ ውድ ጠመንጃዎች ተሠርተዋል። የእናንተ አያት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረው በልጅግና የባዕድ አገር ሀብታም የሚመካበት የአደን ጠመንጃ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

አሁን ትንሽ ልቆጣ ነው፤ ታገሡኝ።

ከቀረቡት ፎቶግራፎች መካከል «የታደሰ» ተብሎ የተጻፈበት ምንሽር አለ። እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ የመኪና ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ ያብረቀርቃል። ብረቱም ተፍቆ እንደ አዲስ ድስት ነጥቷል። በጣሊያን ጠመንጃ በርሜል ላይ፣ ጥይቱ በሚገባበት በኋለኛው በኩል፣ የተሠራበት ፋብሪካ ስም፣ ለምሳሌ ቴርኒ፣ እና ዓመተ ምሕረቱ ይታተማል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በተሠሩት ላይ ደግሞ የፋሺስቱ አገዛዝ ራሱ የፈለሰፈው የዘመን አቆጣጠር በሮማውያን ቁጥር ይጨመርበታል። ያ ማኅተም ጠመንጃው ለየትኛው ጦርነት እንደተዘጋጀ ይናገራል። አሁን የለም። የብርጭቆ ወረቀት በልቶታል። እንጨቱ ላይ የነበረው የአያታችሁ መዳፍ ያጠቆረው ቦታም የለም። ይህ እድሳት አይደለም፤ ማጠብ ነው። ከዚህ በኋላ የሚያሳድስ ሰው ካለ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። የዛገ ካለም ፈቃድ ያለው ባለ ሙያ ይየው እንጂ በእንጨት ሥራ ቤት ማሽን አይፈጭ።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት አሜሪካ ገበያ ላይ ቀርበዋል፤ የጣሊያን ምንሽር፣ ውጅግራ፣ ማውዘር፣ በኋላ ከአሜሪካ የመጣውም ሳይቀር። የወንድሜ ልጅ አንዱን የገዛ ሰው ያነሳውን ፎቶ ልኮልኛል። ሰደፉ በመዳብ ሽቦ ታስሯል፤ ሽቦው ተጠላልፎ ጫፉ ተመልሶ ከሥሩ ገብቷል፣ ልብስ እንዳይቀድ። ገዥው ሽቦውን ሊፈታው አልፈለገም። «ማን እንዳሰረው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር» ብሎ ጽፎበታል። እኔ ይህን ሳነብ ተናደድሁ። በገዥው አይደለም፤ እርሱ መጠየቅ ያለበትን ጠይቋል። የተናደድሁት መልሱ ያለበት አገር ጥያቄውን ሳይጠይቅ ዕቃውን መሸኘቱ ነው። መንግሥት የማይፈልገውን አሮጌ መሣሪያ ቢሸጥ አልቃወምም፤ ከተማ ዳር መጋዘን ውስጥ ሲዝግ ከሚኖር፣ ወይም ወደ ጥፋት እጅ ከሚገባ፣ ይሂድ። ግን ከመሸኘቱ በፊት አንድ ሰው ካሜራ ይዞ መጋዘኑ ውስጥ ቢያልፍ ምን ነበረበት?

ወደ ዝናሩ ልመለስ። አባታችን ፈቅደውልኛልና ከፍ አድርጌ ላሳያችሁ።

ጥይት የሚሰካባቸው ኪሶች በመጀመሪያ ሲሰፉ ሰፊ ነበሩ። የውጅግራ ጥይት አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀለሁ ወፍራም ነው። እዚህ ላይ ግን፣ ጠጋ ብላችሁ እዩ፣ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ሁለተኛ ስፌት አለ። የመጀመሪያው ስፌት በጅማት ነው፤ ሁለተኛው በጥጥ ክር ነው፣ ክሩም በሰም ታሽቷል። ሁለተኛው ስፌት ኪሱን አጥብቦታል። ለምን? የምንሽር ጥይት ስድስት ተኩል ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ነው። በሰፊው ኪስ ቢሰካ ሰውየው ሲሮጥ ይወድቃል። እንግዲህ ይህ ዝናር ውጅግራ የያዘ ሰው ዝናር ነበር፤ በኋላ ያው ሰው ወይም ልጁ ምንሽር ማረከ፤ ዝናሩ ግን አልተጣለም፣ ጠበበ። የአንድ ቤተሰብ የጦርነት ታሪክ በሁለት ዓይነት ክር ተጽፏል። ወረቀት ላይ ይህን ያህል በግልጽ የተጻፈ የአርበኛ ታሪክ ብዙ አላየሁም።

ከመጀመሬ በፊት ሻይ ላይ ሳለን ሁለተኛውን ስፌት ማን እንደሰፋው አባታችንን ጠየቅኋቸው። «እናቴ ናቸው» አሉኝ። አባታቸው ጫካ ሳሉ፣ ሌሊት መጥተው ምንሽሩንና ዝናሩን አስቀምጠው፣ ሊነጋጋ ሲል ተሰፍቶ ይዘውት ሄዱ። ክሩ እናታቸው ለነጠላ የፈተሉት ነበር። ከፎቶግራፉ ጀርባ ለምን አልጻፉትም ብላቸው ተገርመው አዩኝ። «እርሱ ደግሞ ምን ይጻፋል? ስፌት እኮ ነው» አሉኝ።

ስለ ደስታና ስለ ሐዘን ተኩስ አንድ ነገር ተናገር ተብዬ ነበር፤ በአጭሩ እናገራለሁ። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ ላይ አይቀርም። ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም የወጣ ጥይት ሰው ገድሏል። የአያቱን ጠመንጃ የሚያከብር ሰው ባዶውን ይሰቅለዋል፣ ቁልፍ ያለበት ቦታ ያኖረዋል፣ ፈቃዱን ያሳድሳል። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚፈልግ ጉዳይ አይመስለኝም።

የምጠይቃችሁን ልንገራችሁ። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ መዝገብ አስቀምጫለሁ። ልጄ እዚያው ትቀመጣለች፤ መጻፍ የሚቸግራችሁ ንገሯትና ትጽፍላችኋለች። የጠመንጃችሁን ቁጥር አልፈልግም፤ እርሱ የፖሊስ ሥራ ነው። የት እንደምታስቀምጡትም አትንገሩኝ። የምፈልገው ይህን ነው፦ ሰደፉን ማን ጠገነ? ማንገቻውን ማን ጎነጎነ? ዝናሩን ማን ሰፋ? ስሙን የማታውቁ ከሆነ ሠፈሩን፣ ሠፈሩን የማታውቁ ከሆነ የሄዳችሁበትን ገበያ ንገሩን። «ከሰንዳፋ ገበያ አንድ ዓይና የነበረ ሰው» ቢሆንም ይበቃናል፤ ከሌሎቹ ጋር ሲገጣጠም አንድ ቀን ሰው ይወጣዋል። ሰድባችሁት የነበረ ሰው ከሆነም ጻፉት፤ ማን እንደሰደበው አይመዘገብም። አባታችን ቀድመው ይነሱ፤ የመጀመሪያው መስመር የእናታቸው ነው።